የከረመ ቀይ ወይን አከፋፈት በአዲስ አበባ

የከረመ ቀይ ወይን በጠርሙሱ ውስጥ ለብዙ ዓመታት የቆየ ወይን ነው። በመሀል አዲስ አበባ እንዲህ ያለው ጠርሙስ ለልጅ ምርቃት፣ ለመልስ ወይም ለዘመድ አቀባበል እራት ተብሎ ይቀመጣል። መቀመጫው ግን አብዛኛውን ጊዜ የሳሎኑ ባለ መስታወት ቡፌ ነው፤ የአከፋፈቱ ችግርም የሚጀምረው ከዚሁ ነው። የተጋደመ ጠርሙስ ቡሹ ወይኑን ስለሚነካ እርጥበቱን ይጠብቃል፤ ለዓመታት የቆመው ግን ቡሹ እየደረቀ ይኮማተርና አየር ያስገባል፣ ሲነቀልም ይፈረፈራል።

ማንኛውም ወይን በመክረሙ ብቻ አይጥምም፤ እንዲያውም በዓለም ላይ የሚመረተው አብዛኛው ወይን በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ነው። ጣፋጩን አክሱሚት 20 ዓመት ቡፌ ውስጥ ማቆየት ክብር እንጂ ጣዕም የሚጨምርለት አይመስልም። መክረምን የተሻለ የሚችሉት እንደ ካቤርኔ ሶቪኞ ያሉ፣ ታኒን የተባለው አፍ የሚያደርቅ ንጥረ ነገር የሚበዛባቸው የወይን ፍሬ ዝርያዎች ናቸው። ይህ ዝርያ ከከተማዋ በስተደቡብ 160 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው ዝዋይም ይመረታል፤ በዚያ የሚገኘው የካስቴል ፋብሪካ የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2014 ነበር።

ታኒኑና ቀለሙ በጊዜ ብዛት እየተያያዙ አተላ ሆነው ይዘቅጣሉ። ስለዚህ ተጋድሞ የከረመ ጠርሙስ ከግብዣው ቢያንስ ከ24 ሰዓት በፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ከዚያ በኋላም አይናወጥም፤ ጠላ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው ምክንያቱ አይጠፋውም። የመክፈቻው ጠመዝማዛ በቡሹ መሀል ቀስ ብሎ ይገባል፣ ሳይነቀነቅም ይሳባል። ቡሹ ከተፈረፈረ ወይኑ ሽታ በሌለው ንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ይጠለላል። ወደ ሌላ መቅጃ ሲገለበጥ ከጠርሙሱ አንገት ሥር ጧፍ ይበራል፤ መብራት በሚጠፋበት ቤት ጧፍ መቼም አይታጣም። ፈሳሹ ጠርቶ እየወረደ ሳለ እንደ ክር የቀጠነ ጥቁር የአተላ መስመር አንገቱ ላይ ሲደርስ መቅዳቱ ይቆማል።

የራሰ ካርቶን የሚሸት ወይን ቡሹ ያበላሸው ስለሆነ መድኃኒት የለውም። ጤነኛውም ቢሆን በጣም ካረጀ መዓዛው ከተከፈተ በኋላ ቶሎ ስለሚጠፋ፣ የሚከፈተው እንግዶች እጃቸውን ታጥበው ሲቀመጡ ነው። ተስማሚ ሙቀቱ ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ሴልሺየስ በመሆኑ በክረምት ምሽት ማቀዝቀዣ አያሻውም። የዶሮ ወጥ በርበሬ እንዲህ ያለውን ስስ ጣዕም ስለሚውጠው፣ ወይኑ በአልጫ ወይም ቃሪያ ባልበዛበት ጥብስ ይቀድማል፤ ዶሮው ሲቀርብ ጠጁ በብርሌ ይከተላል።