የጃቫ «አታች» ምንድን ነው?

የጃቫ ፕሮግራሞችን የምንከታተልበትን ቪዥዋልቪኤም የሚባል መሣሪያ ስትከፍቱት በግራ በኩል «ሎካል» ከሚለው ሥር በኮምፒውተሩ ላይ የሚሠሩት የጃቫ ፕሮግራሞች ተደርድረው ይመጣሉ። አድራሻ አልሰጣችሁትም፤ ፖርትም አልነገራችሁትም። ታዲያ ከየት አመጣቸው?

በስሙ ውስጥ ያለው «ቪኤም» ቨርቹዋል ማሽን ማለት ነው። እዚህ ቨርቹዋል ማሽን ስንል ቪኤምዌር ላይ ሌላ ዊንዶውስ የምንጭንበትን ማለታችን አይደለም፤ የጃቫ ፕሮግራም የሚሠራበትን ጄቪኤም ነው። ነገሩ ደግሞ ሁለት ሥራ ነው፦ ጄቪኤሙን ማግኘትና ከእሱ ጋር መገናኘት፤ አታች ሁለተኛው ነው። ችግር ሲመጣ ብዙ ሰው የሚደናገረው ሁለቱን ስለሚቀላቅላቸው ይመስለኛል።

ማግኘቱ ቀላል ነው። ሆትስፖት የሚባለው የተለመደው ጄቪኤም ሊኑክስ ላይ ሲነሳ ቲኤምፒ በሚባለው የጊዜያዊ ፋይሎች ፎልደር ውስጥ ትንሽ ፋይል ይፈጥራል። ፎልደሩ «ኤችኤስፐርፍዳታ» ከሚለው ቃልና ከተጠቃሚው ስም ይሰየማል፤ የፋይሉ ስም የፕሮሰሱ (የሚሠራው ፕሮግራም) ቁጥር ነው። መጠኑ ካልተቀየረ 32 ኪሎባይት ነው። ውስጡ የጋርቤጅ ኮሌክሽን (የማያስፈልግ ሜሞሪ ማጽዳት)፣ የተጫኑ ክላሶችና የሜሞሪ ቆጣሪዎች አሉ። የሚሠሩ የጃቫ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝረው ጄፒኤስ የሚባለው ትዕዛዝም ሆነ ቪዥዋልቪኤም መጀመሪያ የሚያዩት ይህንኑ ፎልደር ነው። ጄቪኤሙ እየታየ መሆኑን እንኳ አያውቅም።

ስለዚህ ጄፒኤስ አላሳየኝም ብላችሁ ሰርቪሱን ሪስታርት ለማድረግ አትቸኩሉ። ያን ፋይል የሚፈጥረው ፐርፍዳታ በማስነሻው ትዕዛዝ ላይ ተዘግቶ ይሆናል። ቲኤምፒን ያጸዳ ሰው ወይም ስክሪፕት ይኖራል። የሊኑክስ ሰርቪሶችን የሚያስነሳው ሲስተምዲ ለሰርቪሱ የራሱን የግል ቲኤምፒ ሰጥቶትም ሊሆን ይችላል። ወይም ፕሮግራሙን ያስነሳው ሌላ ተጠቃሚ ነው፤ ያን ጊዜ ቁጥሩን ብቻ ያሳይና ስለ ፕሮሰሱ መረጃ የለም ይላችኋል። ፒኤስ የሚለው የሊኑክስ ትዕዛዝ ካሳየው ፕሮግራሙ አለ።

መገናኘቱ ግን ሌላ ጣጣ ነው። የትሬዶችን ስታክ (እያንዳንዱ የሥራ መስመር ኮዱ ውስጥ የት እንደደረሰ) ለማየት፣ ሂፕ ዳምፕ (የሜሞሪውን ቅጂ) ለመውሰድ ወይም ኤጀንት (ጄቪኤሙ ውስጥ ገብቶ የሚሠራ ተጨማሪ ኮድ) ለመጫን ፋይል ማንበብ አይበቃም፤ ጄቪኤሙ ራሱ መልስ መስጠት አለበት። እሱ ደግሞ ሲነሳ ጀምሮ ጥያቄ እየጠበቀ አይቀመጥም። መቀስቀስ ይፈልጋል። አታች የሚባለው ይህ ነው።

የትሬዶችን ስታክ የሚያሳየው ጄስታክ የሚባለው ትዕዛዝ ሊኑክስ ላይ ጄቪኤሙን እንዴት እንደሚቀሰቅሰው እንይ። «አታች ፒአይዲ» ከሚለውና ከፕሮሰሱ ቁጥር የተሰየመ ባዶ ፋይል ፕሮሰሱ በሚሠራበት ፎልደር ውስጥ፣ ካልሆነም ቲኤምፒ ውስጥ ያስቀምጣል። ከዚያ ለፕሮሰሱ ሲግናል 3ን ይልካል። ሲግናሉ ስሙ «ኪዊት» ነው፤ አትደንግጡ፣ ጃቫን አይገድለውም። በኪል ትዕዛዝ በእጃችሁ ብትልኩት ጄቪኤሙ የትሬዶቹን ሁኔታ ኮንሶሉ ላይ ይዘረግፋል እንጂ ሌላ ነገር አይሠራም። ልዩነቱን የሚያመጣው ያ ባዶ ፋይል ነው። ፋይሉን ካገኘውና ባለቤቱም ጄቪኤሙን ያስነሳው ተጠቃሚ ከሆነ፣ «አታች ሊስነር» የሚባል ትሬድ አስነስቶ ቲኤምፒ ውስጥ የዩኒክስ ሶኬት (በአንድ ኮምፒውተር ላይ ያሉ ፕሮግራሞች የሚነጋገሩበት መስመር) ይከፍታል። ከዚያ በኋላ ጥያቄና መልሱ በዚያ ሶኬት ነው። የይለፍ ቃል የለም፤ መታወቂያችሁ የተጠቃሚ ስማችሁ ነው። ጄስታክ እምቢ ሲላችሁ አስቀድማችሁ በየትኛው ተጠቃሚ እንደገባችሁ እዩ።

ፕሮግራሙ ኮንቴይነር (ለብቻው የታጠረ አካባቢ) ውስጥ ሲሆን ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። ውስጥ ሆኖ ሲታይ የፕሮሰሱ ቁጥር ብዙ ጊዜ 1 ነው፤ ኮንቴይነሩን ከያዘው ኮምፒውተር (ከሆስቱ) ሲታይ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ቲኤምፒውም የተለየ ነው። አዳዲሶቹ የጃቫ መሣሪያዎች ሊኑክስ የፕሮሰሶችን መረጃ በሚያሳይበት በፕሮክ ፎልደር በኩል ዞረው ይደርሱበታል። እኔ ግን ኮንቴይነሩ ውስጥ ገብቶ ትዕዛዙን እዚያው መስጠትን እመርጣለሁ፤ ራስ ምታቱ ያነሰ ነው።

ሌላ ሰርቨር ላይ ላለ ጄቪኤም ይህ ሁሉ አይሠራም። ሲግናል በኔትወርክ አይላክም። እዚያ የሚያስፈልገው ጄኤምኤክስ የሚባለው የጃቫ የርቀት መከታተያ ነው፤ ጄቪኤሙን ስታስነሱ ፖርቱን ትነግሩታላችሁ። ብዙዎችን የሚያስለቅሰው ሁለተኛው ፖርት ነው። የመጀመሪያው አድራሻ ይነግራል እንጂ እውነተኛው ግንኙነት በሌላ ፖርት ይቀጥላል፤ ያ ፖርት ካልተወሰነ ደግሞ በዘፈቀደ ይመረጣል። ፋየርዎሉ ላይ አንዱን ከፍታችሁ አልገናኝ ካለ፣ ሁለተኛውን፣ ማለትም የአርኤምአይ ፖርቱንም እዚያው ቁጥር ላይ አስሩት። የይለፍ ቃልና ኤስኤስኤል (የግንኙነት ምስጠራ) ሳታደርጉ ግን ለውጭ ኔትወርክ አትክፈቱት።

ጃቫ 21 በ2023 ሲወጣ አንድ ነገር ተጨምሯል። በሚሠራ ጄቪኤም ላይ በአታች በኩል ኤጀንት ሲጫን ማስጠንቀቂያ ይጽፋል፤ ወደፊት ያለ ፈቃድ እንደማይቻልም ይናገራል። ጄስታክና ጄፒኤስ ኤጀንት ስለማይጭኑ ይህ አይነካቸውም።