በምድር እምብርት ብረት በስንት ይቀልጣል? የስሌቱ መንገድ

ከምድር ገጽ 5150 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ፈሳሹ ብረት ያበቃና ጠጣሩ ውስጠኛ እምብርት ይጀምራል። በዚህ ወሰን ላይ ጠጣርና ፈሳሽ ጎን ለጎን ስለሚኖሩ፣ ብረት በዚያ ግፊት የሚቀልጥበትን ሙቀት ያወቀ የእምብርቱን ሙቀት ለመገመት ይቃረባል። ችግሩ ግፊቱ 330 ጊጋፓስካል፣ ማለትም ከምድር ገጽ የአየር ግፊት ከሦስት ሚሊዮን ጊዜ በላይ መሆኑ ነው፤ በሩሲያ ኮላ ልሳነ ምድር የተቆፈረው ዝነኛ ጉድጓድ እንኳ ከ12 ኪሎ ሜትር ብዙም አላለፈም።

ስለዚህ ሙቀቱ በኮምፒውተር ይሰላል። የስሌቱ መሠረት የፊዚክስ ሊቁ ዋልተር ኮን ከባልደረቦቹ ጋር በ1964 እና በ1965 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብ ነው፤ እያንዳንዱን ኤሌክትሮን ለየብቻ ከመከተል ይልቅ የኤሌክትሮኖቹን ጥግግት ማስላት ይበቃል። ከዚህ በአቶሞቹ ላይ የሚያርፈው ኃይል ይገኛል፤ አቶሞቹም በኃይሉ ልክ አንድ ፌምቶ ሰከንድ (የሰከንድ ቢሊዮንኛ ሚሊዮንኛ) ያህል ይንቀሳቀሱና ስሌቱ እንደገና ይጀምራል።

ጠጣሩን ብቻ ማሞቅ ግን ያሳስታል፤ መቅለጥ የሚጀምርበት ዳር የሌለው ክሪስታል ከመቅለጫው አልፎም ሳይቀልጥ ይቆያልና። ስለዚህ አቶሞቹ በሚቀመጡበት የስሌቱ ምናባዊ ሣጥን ውስጥ ግማሹ ጠጣር፣ ግማሹ ፈሳሽ ይደረጋል። ሣጥኑ ግድግዳ የለውም፤ በቀኝ የወጣ አቶም በግራ ይገባል። ሙቀቱ ከመቅለጫው በላይ ከሆነ ክሪስታሉ ከዳሩ እየተበላ ያልቃል፤ በታች ከሆነ ፈሳሹ ረድፍ በረድፍ እየተደረደረ ይረጋል።

በ1993 እ.ኤ.አ. በሁለት አልማዞች ጫፍ መካከል ብረትን ጨምቆ በሌዘር በማሞቅ የተገኘው ግምት ከ5000 ኬልቪን (ከፍጹም ዜሮ የሚቆጥር የሙቀት መለኪያ) በታች ነበር። በ1999 ግን ከለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የወጣው ስሌት 6700 ገደማ አለ። ከ1700 ዲግሪ በላይ የሆነ ልዩነት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም፤ ክርክሩም ከአሥር ዓመት በላይ ዘለቀ። በ2013 በፈረንሳይ ግሬኖብል ሙከራ ያደረጉ ተመራማሪዎች በኤክስሬይ የብረቱን ውስጥ እያዩ እስከ 200 ጊጋፓስካል ገደማ ለኩ፤ ውጤቱን ወደ 330 ሲያራዝሙትም 6230 ኬልቪን፣ ወደ ላይም ወደ ታችም 500 ሊዛነፍ የሚችል፣ አገኙ። ቀድሞ መቅለጥ የመሰለው የገጽ እንቅስቃሴ፣ በእነርሱ ማብራሪያ፣ ጠጣሩ ክሪስታል በፍጥነት መልኩን ሲለዋውጥ የታየ ነበር።

ስሌቱ እንከን አልባ ነው ማለት ግን አይደለም። ከላይ የተጠቀሱት ቁጥሮች የንጹሕ ብረት ናቸው፤ በእምብርቱ ውስጥ ግን ኒኬልና እንደ ሲሊከን፣ ሰልፈርና ኦክስጅን ያሉ ቀላል ንጥረ ነገሮች እንዳሉ ይታመናል፤ ቀላሎቹም የመቅለጫውን ሙቀት በመቶዎች በሚቆጠር ዲግሪ ዝቅ ያደርጉታል።