ካቦ ፑልሞ፦ መረቧን ሰቅላ ባሕሯን ያዳነች የሜክሲኮ መንደር

ካቦ ፑልሞ በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ግዛት፣ በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ዳር ያለች ትንሽ መንደር ናት። ነዋሪዋ ከጥቂት መቶ ሰው አይበልጥም። ከኋላዋ ቁልቋል የሞላበት ደረቅ ኮረብታ አለ። ከፊቷ ደግሞ ባሕሩ ውስጥ የተዘረጋ ትልቅ የኮራል ሪፍ፤ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በድንጋያማ አጽማቸው የሠሩት፣ ዓሣ የሚጠለልበት ግንብ። ስሟ በዓለም የናኘው ዓሣ አጥማጆቿ ማስገር አቁመው ይህን ሪፍ ስላዳኑት ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መንደሯ የምትተዳደረው በሎስ ካቦስ ማዘጋጃ ቤት ሥር ነው። በዚያው ማዘጋጃ ቤት ሥር፣ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ካቦ ሳን ሉካስ የሚባለው የቱሪስት ከተማ ይገኛል። እዚያ ትልልቅ ሆቴል፣ የጎልፍ ሜዳና የጀልባ ወደብ ሞልቷል። ካቦ ፑልሞ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ወደ መንደሯ የሚወስደው መንገድ መጨረሻው ኮረኮንች ነው። የአገሪቱ የመብራት መስመር ስላልደረሳት ሰዉ የሚጠቀመው ሶላርና ጄኔሬተር ነው። የጀልባ መቆሚያ እንኳ የላትም። ጀልባዎቹ በመኪና እየተጎተቱ ከአሸዋው ወደ ውኃው ይገባሉ።

አየሩ ሞቃትና ደረቅ ነው። ዝናብ ብርቅ ነው፤ የሚዘንበውም በአብዛኛው ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ባሉት ወራት፣ ከውቅያኖስ ማዕበል ጋር ነው። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የከረመ የወንዝ አሸዋ ያን ጊዜ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ይሆናል። በሴፕቴምበር 2014 ኦዲል የተባለው ከባድ አውሎ ነፋስ የባሃ ካሊፎርኒያን ባሕረ ገብ መሬት ደቡባዊ ጫፍ እንዳልነበረ አድርጎት ሄዷል። በስተምዕራብ የሚታየው የሴራ ዴ ላ ላጉና ተራራ የአካባቢው የውኃ ጋን ነው። እዚያ የዘነበው ዝናብ ወደ መሬት ሰርጎ ታች ላሉት የጉድጓድ ውኃ ይሆናል።

በረሃው ግን ባዶ አይደለም። ካርዶን የሚባለው ግዙፍ ቁልቋል ከፎቅ ቤት እኩል ይቆማል። ቶሮቴ የሚባል ዛፍም አለ። ግንዱ ወፍራም ነው፤ ዝናብ ሲጠፋ ቅጠሉን አራግፎ ይጠብቃል። ለእኛ አንባቢዎች ይህ ዛፍ ሩቅ ዘመድ ነው ማለት ይቻላል፤ የዕጣንና የከርቤ ዛፎቻችን የሚመደቡበት ቤተሰብ አባል ነው። በሌላው የሜክሲኮ ክፍል ከዚሁ ወገን ከሆኑ ዛፎች የሚገኘውን ሙጫ ኮፓል ይሉታል፤ እንደ ዕጣን ያጨሱታል።

የዚህ ምድር የቀድሞ ባለቤቶች ፔሪኩ የሚባሉ ሕዝቦች ነበሩ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኢየሱሳውያን ሚሲዮኖች ሲመጡ በ1734 አመፁ። ከዚያ ጦርነቱና በተለይም ከአውሮፓ የመጣው በሽታ ፈጃቸው። ክፍለ ዘመኑ ሳያልቅ እንደ ሕዝብ ጠፉ። ዛሬ በአካባቢው የሚኖሩት በአብዛኛው ኋላ የመጡ የከብት አርቢዎችና የዕንቁ ጠላቂዎች ዘሮች ናቸው። ካቦ ፑልሞ ውስጥ የካስትሮ ቤተሰብ ስም ከመንደሯ ስም ጋር አብሮ ይነሳል። ነባሩ ነዋሪ እርስ በርሱ የሥጋ ዘመድ ነው፤ ወደፊት የምንነግራችሁን ውሳኔ ለመወሰንም ይህ ሳይረዳቸው አልቀረም። ከነሱ ሌላ የአሜሪካና የካናዳ ሰዎች ቤት ሠርተው የዓመቱን ከፊል እዚያ ያሳልፋሉ።

የዕንቁ ዛጎሉ በ1930ዎቹ መጨረሻ ተሟጠጠ። ሰዉ ወደ ሻርክና ወደ ሌላ ዓሣ ዞረ። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከውጭ የሚመጡ ጀልባዎችም ተጨመሩበት። መልሕቅ ኮራሉን ይሰብራል፤ መረብ ትልቅ ትንሹን ጠርጎ ያወጣል። ዓሣ አጥማጆቹ በየዓመቱ ራቅ ወዳለ ቦታ መሄድ ግድ ሆነባቸው፤ የሚያመጡት ግን እያነሰ ሄደ።

በዚህ መሀል የባሃ ካሊፎርኒያ ሱር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሪፉን ሊያጠኑ መጡ። ያዩትንም ለመንደሩ ሰው አስረዱ። ሪፉ በባሕሩ ወለል ላይ ጎን ለጎን በተዘረጉ የእሳተ ገሞራ ዓለቶች ላይ ያደገ ነው። ዕድሜው ወደ 20,000 ዓመት እንደሚጠጋ ይገመታል። በባሕረ ሰላጤው ካሉት 14 ሪፍ ሠሪ የኮራል ዓይነቶች 11ዱ እዚህ ይገኛሉ። የዓሣው ዓይነት ከ220 በላይ ነው። በዓለም ካሉት ሰባት የባሕር ኤሊ ዝርያዎችም አምስቱ ይመጣሉ።

መንደርተኛው ቦታው እንዲጠበቅ መንግሥትን ጠየቀ። ጁን 6 ቀን 1995፣ 7,111 ሄክታር ስፋት ያለው ቦታ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ተባለ። ከዚህ በኋላ ያለው ነው እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ። ሕጉ ማስገርን ጨርሶ የከለከለው ከፓርኩ 35 በመቶ በሚሆነው ላይ ብቻ ነበር። ሰዎቹ ግን ሁሉንም ተዉት። የዕለት እንጀራቸው ዓሣ ነበር፤ ቱሪስቱም ገና አልመጣም። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የችግር ነበሩ። የመንግሥት ጠባቂ ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ባሕሩን የሚጠብቁት ራሳቸው ነዋሪዎቹ ሆኑ። የኤሊ ጎጆ ይቆጥራሉ፤ የባሕር ዳሩን ያጸዳሉ፤ የማያውቁት ጀልባ ሲያዩ ይጠይቃሉ።

ውጤቱን ሳይንስ ለክቶታል። በስክሪፕስ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪው ኦክታቪዮ አቡርቶና ባልደረቦቹ በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ከ1999 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በሪፉ ላይ ያለው የዓሣ ክብደት በ463 በመቶ ጨምሯል። በአንድ ሄክታር ከአንድ ቶን በታች የነበረው ከአራት ቶን በላይ ሆነ። የትልልቆቹ አዳኝ ዓሦች ጭማሪ ደግሞ ከዚህም የበለጠ ነው። በዚያው ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ፓርክ ተብለው ማስገር በቀጠለባቸው ሌሎች ቦታዎች እንዲህ ያለ ለውጥ አልታየም። በወረቀት ላይ ፓርክ መሆን ብቻውን ምንም አላመጣም ማለት ነው።

ዛሬ ጠልቆ የሚያይ ሰው መጀመሪያ ጥላ የሚመስል ነገር ያያል። ጠጋ ሲል ዓሣ ነው፤ ዓይነ ትልቅ፣ ብርማ ዓሣ፣ በሺዎች የሚቆጠር። በአንድነት ይሽከረከራሉ፤ ከታች ቀና ብሎ ላየው ፀሐይዋን ይጋርዳሉ። ጠላቂ ሲቀርብ መሀላቸውን ይከፍቱለታል፤ ሲያልፍ መልሰው ይገጥማሉ። ቡል ሻርክም ተመልሷል። በብርዱ ወራት ሃምፕባክ ዓሣ ነባሪዎች ከባሕር ዳር ሆኖ ለሚያይ ይታያሉ።

የመንደሯ ገቢ አሁን ቱሪዝም ነው። የቀድሞ ዓሣ አጥማጆችና ልጆቻቸው ጠላቂ እየመሩ፣ ጀልባ እየነዱ፣ ትንንሽ ማረፊያ ቤት እያከራዩ ይኖራሉ። ምግብ ቤት የሚቀርበው ዓሣ ከፓርኩ ውጭ የመጣ ነው። ኮራል መንካት ክልክል ነው፤ በአንድ የመጥለቂያ ቦታ የሚፈቀደው የጀልባ ቁጥርም የተወሰነ ነው። ፓርኩ በ2005 ከሌሎች የባሕረ ሰላጤው ቦታዎች ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ዓሣው ሲመለስ ገንዘብም ተከትሎ መጣ። ሃንሳ ኡርባና የተባለ የስፔን ኩባንያ ከመንደሯ በስተሰሜን ካቦ ኮርቴስ የሚባል ከተማ ሊሠራ ተነሳ። ዕቅዱ ወደ 30,000 የሚጠጋ የሆቴልና የመኖሪያ ክፍል፣ የጎልፍ ሜዳና የጀልባ ወደብ ነበረው። ያን ሁሉ ሰው በበረሃ ውስጥ ማን ያጠጣዋል? የሚቀዳው ከዚያው ከተራራው ሥር ካለው የከርሰ ምድር ውኃ ነበር። የግንባታው ደለልም በሞገድ ተገፍቶ ሪፉን ይቀብረዋል የሚል ስጋት ነበር። ነዋሪዎቹ ከሳይንቲስቶችና ከአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶች ጋር ሆነው ተቃወሙ። ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልዴሮን በጁን 2012 ፕሮጀክቱን ሰረዙት። በ2014 ካቦ ዶራዶ የሚባል ተመሳሳይ ዕቅድ ሲቀርብ እሱም ተቃውሞ ገጥሞት ቀረ።

ነዋሪው በእጁ የማይገታው አደጋም አለ። በ1997 እና 98 ኤል ኒኞ ባሕሩን ሲያሞቀው ኮራሉ ነጥቶ ከፊሉ ሞቷል። የባሕሩ ሙቀት ከፍ ባለ ቁጥር ይህ እንደሚደጋገም የታወቀ ነው። በየብስ በኩል ደግሞ የመሬት ጉዳይ አለ። የባሕር ዳር ቦታ በዶላር ይጠየቃል፤ የይዞታ ክርክሩም የቆየ ነው። ባሕሩን የጠበቀ ቤተሰብ ልጅ አድጎ ጎጆ ሲወጣ፣ ተወልዶ ባደገበት መንደር ቦታ መግዛት ከብዶታል። ስለ ፓርኩ ሲወራ ይህ ጉዳይ ብዙም አይነሳም። እኔ ግን ከሻርኩ ቁጥር እኩል መቆጠር ያለበት ነገር ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ጀልባ ሲመጣ ወጥቶ የሚጠይቀው እዚያ የሚኖር ሰው ነው።