ጥቁር ድመት በጅማ፦ ገድ፣ ሚልኪና የጎተራ ሥራ

በጅማ ጥቁር ድመት የሚፈራም የሚያሳድግም ሰው አለ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም አንድ ሰው ነው።

የፍርሃቱ ሥር ገድ ነው። በኦሮሞው ዘንድ ሚልኪ ይባላል። ሰው ከቤቱ ሲወጣ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ነገር ውሎውን ያመለክታል የሚል የቆየ እምነት ነው። ውኃ የሞላ እንስራ የያዘ ሰው ማግኘት ደግ ነው፤ ባዶ ዕቃ የያዘ ግን አይወደድም። ጅማ ደግሞ የነጋዴ አገር ናት። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 በነገሡት በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን የጅማው የሂርማታ ገበያ ከሩቅ የሚመጣ ሲራራ ነጋዴ ይጎርፍበት ነበር። ንብረቱን አጋሰስ ላይ ጭኖ ለሳምንታት መንገድ የሚወጣ ሰው ገድ ቢያይ አይፈረድበትም።

ዛሬ ጥቁር ድመት መንገድ ስታቋርጥ አንዳንዱ ቆም ብሎ ሌላ ሰው እስኪያልፍ ይጠብቃል። አንዳንዱ ያማትባል። ሙስሊሙ «አዑዙ ቢላህ» ብሎ መንገዱን ይቀጥላል። ብዙው ሰው ግን ዞር ብሎም አያያትም።

ማታ ነገሩ ይለያል። መብራት በጠፋበት ሰፈር የጥቁር ድመት ገላ አይታይም፤ የሚታየው ሁለት የሚያበራ ዓይን ብቻ ነው። የሚያበራው ከዓይኗ ውስጥ በስተጀርባ ብርሃን መልሶ የሚያንጸባርቅ ሽፋን ስላለ ነው። በዚህ ሰዓት ጂኒ ነው የተባለ ልጅ ባያምን ነው የሚገርመው።

ደግነቱ፣ ከዱላ የሚያድናትም እምነት አለ። ድመት የገደለ ሰው እጁ ይንቀጠቀጣል ይባላል፤ ቀለም አይመረጥም። አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በሆነበት በጅማ አካባቢ የሃይማኖቱ ትምህርትም ከድመቷ ጎን ነው። ቡኻሪና ሙስሊም የተባሉት ሊቃውንት በዘገቡት ሐዲስ (የነቢዩ ሙሐመድ ንግግር)፣ ድመት አስራ በረሃብ የገደለች ሴት በዚሁ ጥፋቷ ተቀጥታለች። ድመት ነጃሳ (ርኩስ) አይደለችም የሚል ሐዲስም አለ።

ጥቁር ድመትን ከሰይጣን ጋር በማያያዝ በኩል አውሮፓ የታወቀ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1233 የሮማው ጳጳስ ጎርጎርዮስ 9ኛ በጻፉት ደብዳቤ መናፍቃን በሚስጥር ጉባኤያቸው ጥቁር ድመት ያከብራሉ ተብለው ተከሰዋል። በብሪታኒያና በጃፓን ግን ያቺው ድመት የመልካም ዕድል ምልክት ናት። አንዷ እንስሳ እዚህ ክፉ፣ እዚያ ደግ የምትሆን ከሆነ ነገሩ ያለው እኛው ዘንድ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጥቁረቷ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ነው። ጸጉሩን ዥንጉርጉር የሚያደርገውን ባሕርይ የሚያጠፋው ዘረ መል ከሁለቱም ወገን መምጣት አለበት። ፀሐይ ላይ የምትውል ጥቁር ድመትን ጠጋ ብሎ ላያት ጀርባዋ ወደ ቡናማ ያደላል፤ ፀሐይ ቀለሙን ስለሚያደበዝዘው ነው።

እህል ባለበት ቤት ግን ስለ ቀለም ብዙ አይወራም። በጅማ ዙሪያ በቆሎ ዋና እህል ነው። አይጥ ጆንያውን ከታች ትበሳለች፣ ፍሬው ይፈሳል፣ የቀረውም በኩስና በሽንት ይበላሻል። ድመት ባለበት መጋዘን ይህ ይቀንሳል። «ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ» የሚባለው ለነቀፋ ቢሆንም ለባለ ጎተራ ዓመሏ ሀብቱ ነው። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው፦ ጎረቤት ግልገል ሊወስድ ሲመጣ ቡራቡሬዋና ነጯ ቀድመው ይመረጣሉ፣ ጥቁሯ ትቀራለች። አይጥ ለመያዝ ግን ከእህቶቿ አታንስም።

በእውነት ሊፈራ የሚገባው ነገር የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የትኛዋም ድመት ልታስተላልፈው ትችላለች። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውኃ ለ15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ጤና ጣቢያ ሄዶ ስለ ክትባቱ መጠየቅ ያስፈልጋል። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው ገዳይ ነው።