የጃፓን የአውቶቡስ ጉብኝት፦ የሚቀያየረው ሰማይና የማይቀየረው ምሳ

ከቶኪዮ ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚመለስ የአውቶቡስ ጉብኝት ጃፓኖች የሚወዱት የሽርሽር ዓይነት ነው። ክፍያው አንድ ጊዜ ነው። ጉዞው፣ ብዙ ጊዜም መግቢያውና ምሳው ከዋጋው ውስጥ ናቸው። እንደ ወቅቱ ወይን ወይም እንጆሪ ከተክሉ ላይ እየቀጠፉ መብላትም ሊኖርበት ይችላል። መቀመጫው አስቀድሞ ተመድቧል። መነሻና መድረሻው በደቂቃ ተቆርጧል። ሰማዩን ግን ማንም መቁረጥ አይችልም። ስለዚህ ጉብኝቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ደመና ሊወስደው በማይችለው ነገር ላይ፣ ማለትም በምግቡ ላይ፣ አብዝተው ይተማመናሉ።

ልማዱ የቆየ ነው። በኤዶ ዘመን፣ ከ1603 እስከ 1868 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ የአንድ መንደር ሰዎች «ኮ» በሚባል ማኅበር ገንዘብ ያዋጡ ነበር። ከዚያም በዕጣ የደረሳቸውን ወደ ኢሴ ቤተ መቅደስ ይልካሉ። እቁብ ለሚያውቅ ሰው አሠራሩ እንግዳ አይሆንበትም። ኢሴ ሲደርሱ የሚቀበሏቸው አስተናጋጆች አሳድረው፣ መንደር ውስጥ በዓይናቸው አይተውት የማያውቁትን ማዕድ ያቀርቡላቸው ነበር። በ1905 ደግሞ ሚናሚ ሺንሱኬ የተባለ የኩሳትሱ ከተማ ሰው መንገደኞችን አሰባስቦ በባቡር ወደ ኮያ ተራራና ወደ ኢሴ ወሰደ። የዛሬው ኒፖን ትራቭል ኤጀንሲ መነሻው ይህ ነው። ቤተሰቡ በባቡር ጣቢያው የምሳ ሣጥን ይሸጥ እንደነበር ሳነብ ደስ ብሎኛል። የጃፓን የቡድን ጉዞና ምግብ ከጅምሩም አልተለያዩም።

አውቶቡሱ ላይ ማይክ ይዛ የምታስረዳዋ ሴት አስጎብኚ የመጣችው በ1928 ነው። ቦታው ቤፑ፣ የፍል ውሃ ከተማ ነው። አቡራያ ኩማሃቺ የተባለ የሆቴል ባለቤት ወጣት ሴቶችን አሠልጥኖ ገለጻውን በግጥም ምት እንዲያወርዱት አደረገ። ዛሬም ጥሩ አስጎብኚ ጭጋግ መስኮቱን ሲጋርደው የማይታየውን ተራራ በቃል ትስለዋለች። አስፈላጊ ከሆነም ትዘፍናለች።

በቶኪዮ ዙሪያ የዝናቡ ወቅት ብዙውን ጊዜ ከሰኔ መጀመሪያ እስከ ሐምሌ አጋማሽ ወይም ማለቂያ ይቆያል። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ደግሞ የታይፉን፣ ማለትም ከባሕር የሚነሳ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ፣ ስጋት አለ። የአገሪቱ የአየር ትንበያ ከ1980 ጀምሮ የዝናብ ዕድልን በመቶኛ ይናገራል። ተጓዡም ከዋዜማው ጀምሮ ቁጥሩን ይከታተላል። ልጆች ግን የራሳቸው ዘዴ አላቸው። ከነጭ ጨርቅ ወይም ከሶፍት ትንሽ አሻንጉሊት ሠርተው መስኮት ላይ ይሰቅላሉ። «ቴሩ ቴሩ ቦዙ» ይባላል። ነገ ብራ እንዲሆን የሚለመነው እሱ ነው።

የሰማዩን ጠባይ በደንብ የሚያሳየው የሀኮኔ መስመር ነው። ሀኮኔ ተራራማ ነው፣ ቶኪዮ ፀሐይ ሲሆን እዚያ ጭጋግ ሊሆን ይችላል። በኦዋኩዳኒ ሸለቆ ላይ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚያልፈው ኬብል ካር ነፋስ ሲበረታ ይቆማል። የእሳተ ገሞራው ጋዝ ሲጨምርም እንዲሁ። በ2015 እሳተ ገሞራው ስለተቆጣ ሸለቆው ለወራት ተዘግቶ ነበር። እዚህ የሚሸጠው ጥቁር እንቁላል ነው። በፍል ውሃው ሲቀቀል ብረቱና የድኝ ጋዙ ተዋህደው ቅርፊቱን ያጠቁሩታል። ሲላጥ ውስጡ እንደ ማንኛውም ቅቅል እንቁላል ነጭ ነው። አንዱን የበላ ዕድሜው በ7 ዓመት ይረዝማል ይባላል። ታች በአሺ ሐይቅ ዳር፣ ሰማዩ ከጠራ፣ ከቀዩ የቤተ መቅደስ በር ጀርባ የፉጂ ተራራ ይታያል። ካልጠራ የሚታየው ሐይቁና በሩ ብቻ ነው።

ፉጂ 3776 ሜትር ነው፣ ግን በሞቃቱ ወቅት፣ ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ ቀኑን ሙሉ የሚደበቅበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥርት ብሎ የሚታየው በታኅሣሥና በጥር ብርድ፣ በተለይ ጠዋት ላይ ነው። አውቶቡስ እስከ 2300 ሜትር ገደማ ድረስ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ታች እየዘነበ ላይ ፀሐይ ያገኛሉ፣ ደመናው ከእግር ሥር ይሆናል። በነሐሴም ቢሆን ሹራብ መያዝ ያስፈልጋል።

ምሳው ደግሞ ራሱን የቻለ ትዕይንት ነው። አውቶቡሱ ሲደርስ ሰሃኖቹ በየመቀመጫው ተደርድረው ይጠብቃሉ። ከፊት ለፊት ለአንድ ሰው የምትበቃ ትንሽ ድስት በምድጃዋ ላይ ተቀምጣለች። አስተናጋጇ በየተራ እያለፈች ከሥሯ ያለውን ጠጣር ነዳጅ ትለኩሳለች። ሩዙና በጨው የቆየው አትክልት እየተበላ ድስቱ መንተክተክ ይጀምራል። እሳቱ በራሱ ሲጠፋ ምግቡ በስሏል። ማንም ሰዓት አያይም፣ አርባ ሰው ግን አብሮ ይጨርሳል። ይህን ያሰበውን ሰው አደንቃለሁ። በፉጂ ግርጌ፣ በያማናሺ፣ የሚቀርበው ሆቶ ነው፦ ሰፋፊ የስንዴ ኑድል ከዱባና ከአትክልት ጋር በሚሶ (ከአኩሪ አተር ተብላልቶ የሚሠራ ማጣፈጫ) መረቅ የተቀቀለ። ልብስ በካፊያ በስብሶ ለገባ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳ አላውቅም።

ዝናቡን ራሱን ፈልገው የሚሄዱም አሉ። በካማኩራ የሜይጌትሱ ቤተ መቅደስ የሃይድራንጂያ አበባ የሚያምረው በሰኔ ዝናብ ነው። ቦታ ተዘግቶ ጊዜ ከተረፈ ደግሞ አውቶቡሱ «ሚቺ ኖ ኤኪ» ወደሚባል የመንገድ ዳር ማረፊያ ሊያቀና ይችላል። እነዚህ ከ1993 ጀምሮ ተመዝግበው የሚታወቁ ናቸው፣ ዛሬ ከ1200 በላይ ደርሰዋል። ንጹህ መጸዳጃና የአካባቢው ገበሬ ያመጣው አትክልት አላቸው። የአካባቢው ጣፋጭም አይጠፋም።

ዝናብ ይመጣል ብሎ መቅረት ግን ያስከፍላል። በአገሪቱ መደበኛ የጉዞ ውል መሠረት በዋዜማው የሰረዘ ከክፍያው እስከ 40 በመቶ፣ በዕለቱ ከመነሳቱ በፊት የሰረዘ እስከ 50 በመቶ ሊቀነስበት ይችላል። ሳያሳውቅ የቀረ ሙሉውን ሊያጣ ይችላል። አዘጋጁ በበኩሉ በቂ ሰው ካልተመዘገበ የአንድ ቀኑን ጉዞ መሰረዝ ይችላል፣ ቢያንስ ከ3 ቀን በፊት ግን ማሳወቅ አለበት።

ከእኛ ሰው የሚሄድ ካለ አንድ ነገር አስቀድሞ ይናገር። ሜኑው ለሁሉም አንድ ስለሆነ እዚያ ደርሶ መቀየር ይከብዳል። ጿሚ ከሆኑ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባ ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ መረቅ እንደሚሠራ ይወቁ። ሙስሊም ከሆኑ ስለ አሳማ ሥጋውም ሆነ ማጣፈጫው ውስጥ ስለሚገባው የሩዝ አልኮል ይጠይቁ። ይህን ሁሉ በምዝገባ ጊዜ ማንሳት ነው የሚሻለው፣ የምሳው ቁጥር ለምግብ ቤቱ ቀድሞ ይተላለፋልና።