መልከ ብዙው የአባይ ኦይስተር

ኤቴሪያ ኤሊፕቲካ የአፍሪካ ወንዞችና ሐይቆች ዛጎል ነው። በአባይ፣ በኮንጎ፣ በኒጀር፣ በሴኔጋል፣ በቪክቶሪያ ሐይቅ፣ በሰሜን ማዳጋስካርም ሳይቀር ይኖራል። ኦይስተር ይባል እንጂ አለት ላይ ተጣብቆ ከሚኖረው ባለ ሁለት ክዳን የባሕር ዛጎል፣ ከባሕሩ ኦይስተር ጋር ዝምድናው የሩቅ ነው።

እንደ እሱ መልኩ የሚለዋወጥ ዛጎል ማግኘት ይከብዳል። ሁለት ኤቴሪያ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ አንዱ ክብ፣ አንዱ ቀጭንና ረጅም ሊሆን ይችላል። ጀርባው ላይ ውስጣቸው ክፍት የሆነ የእሾህ ቱቦዎች የሚያበቅልም አለ። አሸዋ ውስጥ የሚቀበሩት የወንዝ ዛጎሎች መንቀሳቀስ ስላለባቸው ሁለቱ ክዳኖቻቸው እኩል ናቸው። ኤቴሪያ ግን ገና በጨቅላነቱ አንዱን ክዳን አለት ላይ ያጣብቅና ዕድሜ ልኩን ከዚያ አይነቃነቅም። ዛጎሉ የሚያድገው በጠርዙ በኩል ስለሆነ አለቱ ከጎደጎደ አብሮ ይጎደጉዳል፣ ጎረቤቶቹ ካጣበቡት ደግሞ ባገኘው ክፍተት ይመዘዛል። የባሕሩ ኦይስተር የሚጣበቀው በግራ ክዳኑ ብቻ ነው። ኤቴሪያ በግራም በቀኝም ይሆንለታል።

ይህ መለዋወጥ ታላላቆቹንም አሳስቷል። ፈረንሳዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ላማርክ በ1807 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጣለት አንዱን አራት ዝርያ አደረገው፣ የባሕር ነው ብሎም ጻፈ። ነገሩን ያቃናው የኛው አባይ ነው። የፈረንሳይዋ ናንት ተወላጅ የሆነው ተጓዥ ፍሬደሪክ ካዮ በ1821 እና 1822 ሱዳንን ሊይዝ የዘመተውን የግብፁን የእስማኤል ፓሻን ጦር ተከትሎ የሱዳኗን ከተማ ስናርን አልፎ እስከ ፋዞግሊ ወጣ፤ ፋዞግሊ አባይ ከደጋችን ወርዶ ሱዳን ከገባ በኋላ ብዙም ሳይርቅ የሚያገኘው አገር ነው። ካዮ የወንዙን ኤቴሪያ ይዞ አውሮፓ ሲመለስ የባሕር ነው የሚለው ሐሳብ በዚያው አበቃ። ስም ማብዛቱ ግን ቀጠለ፤ እሾሃሙም የራሱ ስም ተሰጠው።

ኋላ ላይ ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው ተብሎ ተጠቃለለ። በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣ የዲኤንኤ ጥናት ግን በዚህ አንድ ስም ሥር ከአንድ በላይ ዝርያ ተደብቆ እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ የቅርፁ ልዩነት ሁሉ የአለትና የውሃ ሥራ ነው ማለት አሁን ያስቸግራል፣ አብዛኛው ግን እንደዚያ ይመስላል።

በኦሞና ቱርካና ተፋሰስ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የተከመረ የኤቴሪያ ዛጎል በድንጋይ ንብርብር ውስጥ ይገኛል። ቤኒን ውስጥ ደግሞ ዛሬም የፔንጃሪ ወንዝ ዳር ሴቶች ሥጋውን ለምግብ ይለቅሙታል።