«የጣሊያን ግንብ ነው» የምትሉ የደሴ ሰዎች

እሳት አደጋ ከገባሁ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነው። ደሴ ውስጥ ወፍራም ግድግዳ ያለው ቤት በተቃጠለ ቁጥር፣ ከተሰበሰበው ሰው መካከል አንዱ «የጣሊያን ሥራ እኮ ነው፣ ምንም አይሆንም!» ሳይል አይቀርም። ሰልችቶኛል።

«አይጠየፍም የጣሊያን ነው።» አይጠየፍ የሚባለውን የደሴ አዳራሽ ያሠሩት የወሎው ንጉሥ ሚካኤል ናቸው። ንጉሡ በሰገሌ ጦርነት የተማረኩት በጥቅምት 1909 ዓ.ም. ነው፤ የጣሊያን ጦር ደሴ የገባው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም.። ቁጠሩት።

«አይጠየፍ የንጉሡ መኖሪያ ነበር።» የግብር አዳራሽ ነው። ሀብታም ድሃ ሳይባል የሚበላበት በመሆኑ ነው ስሙ የወጣለት።

«ደሴን ያቀናት ጣሊያን ነው።» መንገድ ሠርቷል፣ ፒያሳ የሚለውን ስም ትቶልናል። ከዚያ በፊት ግን ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. አውሮፕላኖቹ ከተማዋ ላይ ተቀጣጣይ ቦምብ ጥለዋል። የሣር ቤቶቹ ነደዱ፤ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት ሆስፒታል ሳይቀር ተመታ። እሳት ለማጥፋት ለምሮጥ ሰው ይህን መርሳት ይከብደኛል።

«የጣሊያን ግንብ እሳት አይበላውም።» የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ሰው ያስገድላልና። አንድ ጊዜ አራዳ አካባቢ ማድቤት ውስጥ እሳት ተነሥቶ ስንደርስ፣ አንዲት እናት ከሳሎን አልወጣም አሉን። «ልጄ፣ የጣሊያን ግንብ እኮ ነው» ይላሉ። ደግፈን አወጣናቸው። እሳቱ ሲጠፋ የሲሚንቶው ልስን በሙቀቱ ተሰነጣጥቆ ረግፏል። ሥሩ የጥድ ቋሚ፣ ማገርና ጭቃ ነው። በጣቴ ብነካው ተፈረፈረ፤ ጭዱ አሁንም ቢጫ ነው።

«እማማ፣ ይህን ቤት ማን ሠራው?» አልኳቸው።

«አማቴ ናቸዋ። ጭቃውንማ ያቦካሁት እኔ ነኝ፣ ሙሽራ ሆኜ።»

በገዛ እግራቸው ያቦኩትን ጭቃ ሲሚንቶ ከለበሰ በኋላ ለጣሊያን ሰጡት።

የጭቃ ቤት ያላችሁ ስሙኝ። ሲሚንቶ አትለስኑበት፤ እርጥበቱን ውስጥ ያፍነዋል፣ እንጨቱም ሳታዩት ይበሰብሳል። በጭድ በተቦካ ጭቃ ምረጉት። የመብራት ሽቦ ጣሪያው እንጨት ላይ በምስማር አትምቱ፤ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ይለፍ። ጭስ ሲሸታችሁ ደግሞ የግድግዳውን ውፍረት አትለኩ፤ ልጆቹን ይዛችሁ ውጡ፣ ከዚያ ደውሉልን።